የድቡሼ ጉርድ

የባሌን እህት ድቡሼ እያልን ነው የምንጠራት። ስሙን ያወጡላት እናቷ ናቸው፣ ገና ስትድህ። ያኔ ጉንጯ ከአፍንጫዋ ቀድሞ በር ይገባ ነበር አሉ። አማቴ ሲስቁ ጎረቤት የሚሰማ ሳቅ አላቸውና ስሙ ከነሳቁ ሰፈሩን አዳረሰ፣ ትምህርት ቤት ገባ፣ ዞሮ ቤት ተመለሰና እዚያው ቀረ። እሷ አንድም ቀን ወዳው አታውቅም። ሲጠሯት "አቤት" ትላለች፣ ሰው እንዳይከፋው ደግሞ ፈገግ ትላለች። ይህን ቤት በምራትነት ስገባ መጀመሪያ ዐይኔ ያረፈው እዚያ ፈገግታ ላይ ነው። ይቺ ልጅ የምትስቀው እንዳታለቅስ ነው አልኩት ለባሌ። ባሌ ረጅም መንገድ የሚነዳ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ቤት ሲመጣ የሚፈልገው አልጋውን እንጂ ወሬ አይደለም።

አማቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። ቤታችን ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ መኖሪያ ነው። ሱቁ ውስጥ የስፌት መኪናቸው፣ ሰው ከራስ ጸጉሩ እስከ ጫማው የሚያይበት መስታወት፣ በሚስማር የተንጠለጠሉ የወረቀት ልኮችና የኔ የመተኮሻ ጠረጴዛ አለ። እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ አጥፋለሁ፣ እተኩሳለሁ። መኪናው ላይ ከእሳቸው በቀር ማንም አይቀመጥም። ሰው ላይ የተንዘላዘለ ልብስ ካዩ እጃቸውን ይበላቸዋል። አንድ ጊዜ መንገድ ላይ የማያውቁትን ጎልማሳ አስቁመው "ልጄ፣ ይሄን ትከሻ አምጣልኝ፣ ላስተካክልልህ፤ እንዲህ ሆነህ አትሂድ" ሲሉት አብሬያቸው ነበርኩ። ሰውዬው ለማኝ መስለውት እጁን ኪሱ ከተተ። እኔ በሳቅ ልሞት፤ እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር።

ድቡሼ ሜትር አታስነካም ነበር። ልጅ ሳለች ለትምህርት ቤት ልብስ እናቷ ደንበኛ ፊት ያቆሟትና፣ ሜትሩን ወገቧ ላይ አዙረው ቁጥሩን ጮክ ብለው ያነቡት ነበር። "ኧረ ጉድ ነው፤ ለዚችስ ጣቃውን ሙሉ ካልፈታሁት አይበቃም" ይላሉ። ደንበኛው ይስቃል። ልጅቷም ትስቃለች። አማቴ እስከ ዛሬ "በፍቅር እኮ ነው" ይላሉ፤ በፍቅር መሆኑን እኔም አልክድም። ሴትየዋ ለልጃቸው ነፍሳቸውን ይሰጣሉ። ችግሩ አፋቸው ሲከፈት ፍቅሩ ውስጥ ይቀራል፣ ሌላው ይወጣል። ልጅቷ ሥራ ይዛ በገዛ ገንዘቧ መልበስ ከጀመረች ወዲህ ሜትርም ሚዛንም ገላዋን ነክቶት አያውቅም። ልብሷን ከሱቅ ተሰፍቶ ያለቀ ትገዛለች። የልብስ ሰፊ ልጅ ሆና። አማቴ የገዛችውን እያገላበጡ ስፌቱን ያዩ ነበር።

ሥራዋ ስልክ መመለስ ነው። አንድ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ማዳመጫ ራሷ ላይ ደፍታ ቀኑን ሙሉ የሰው ስድብ ትሰማለች። መብራት ጠፋ፣ ሂሳቤ ተቆረጠ፣ መስመሬ ተዘጋ የሚል ሁሉ እሷ ላይ ይጮኻል፤ እሷ "ይቅርታ ጌታዬ፣ ይቅርታ እመቤቴ" ትላለች። ድምፅዋ ያምራል። ለዚያ ሥራ የተፈጠረች ናት ይላሉ አለቆቿ፤ እኔ ደግሞ ለዚያ ሥራ ማንም አልተፈጠረም እላለሁ።

አባቷ የሞቱት በስኳር ነው፣ ከእግር ጣታቸው ጀምሮ ቀስ በቀስ ተቆራርጠው። ስለዚህ እሷም ደሟ ውስጥ ያለው ስኳር ድንበሩ ላይ ደርሷል ብሎ ሐኪም በነገራት ቀን ቤት ገብታ ምንም ሳትናገር ተኛች። ከዚያ በኋላ ነው ስልኳ ውስጥ በቪዲዮ ምክር የሚሰጥ አንድ ሰውዬ ያገኘችው። ጥሬ የሚበላ ሰው ነው፤ እሳት የነካው ምግብ ሙት ነው ይላል፣ ጸጉሩ ትከሻው ላይ ወርዷል፣ ሁልጊዜ ጫካ ውስጥ ቆሞ ነው የሚያወራው። እኔ "ካሮቱ" ብዬ ስም አወጣሁለት። "ካሮቱ ዛሬ ምን አለ?" እላታለሁ፤ ትስቃለች። እውነተኛ ሳቅ ነበር እሱ።

ሳሎናችን መስኮት ላይ ምስር የሚበቅልባቸው ጠርሙሶች ተደረደሩ። ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ጥቅል ጎመን፣ ቲማቲም፣ ፓፓያ፣ ሰላጣ በየሣህኑ ተከመረ። ጠዋት ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ የመፈቅፈቂያው ድምፅ ሆነ። ጥንቸል ካሳደግን ቆዳዋን መሸጥ እንችላለን አልኩ እኔ ነገረኛዋ። አማቴ ግን ለምድጃው አዘኑ፤ ምን በደለሽ ይሏታል፣ ሾርባ ሠርተው ያቀርቡላታል፣ እሷም በጨዋ ደንብ ትመልሰዋለች። ልጅቷ ቆራጥ ናት። በቀልድ አልያዘችውም። ጠዋት አንድ ጎድጓዳ ሣህን፣ ማታ አንድ ጎድጓዳ ሣህን፣ ለምሳ ደግሞ በክዳን ዕቃ ይዛ ትሄዳለች።

እና ሠራላት። መሥራቱን መካድ አልችልም። ፊቷ ጠራ፣ ደረጃ ስትወጣ ማለክለኳ ቀረ፣ ስኳሯ ወረደ። እኔ ራሴ ቀናሁባት፤ አንድ ሳምንት ከእሷ ጋር ጎመን በላሁና ሆዴ ተነፍቶ ተውኩት። ወደ ሐኪሙ ተመልሳ ውጤቷን ስታመጣ አማቴ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ያን ቀን ነው ድቡሼ እናቷን ጉርድ ስፊልኝ ያለቻቸው፣ ትልቅ ሰው ከሆነች ለመጀመሪያ ጊዜ። ሜትር ግን የለም አለች። ከሱቅ የገዛችውን፣ ልክክ ያለላትን ጉርድ ሰጠቻቸው፤ አማቴ ያንን ጨርቁ ላይ አንጥፈው በጠመኔ ዙሪያውን ሳሉና ቆረጡ። ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ነው፣ ከፊት ሁለት የተለጠፉ ኪሶች አሉት፣ ውስጡ ገበር አለው። ሲሰፉ ያንጎራጉሩ ነበር። ለብሳው መስታወቱ ፊት ስትቆም አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ስለ ገላዋ ቃል እንዳይተነፍሱ ለራሳቸው ምለው ነበርና።

አሁን የምነግራችሁን እኔ የሰማሁት በኋላ፣ ነገር ሁሉ ከተበላሸ በኋላ ነው። ሐኪሙ ያን ቀን ውጤቷን ካየ በኋላ መክሳቱን እዚህ ላይ አቁሚ ብሏት ነበር። በዐይን ሲገመት ለቁመትሽ የሚስማማው አሁን ያለሽ ክብደት ነው፣ ከዚህ በታች አትውረጂ አላት። ሽማግሌ ሐኪም ነው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር። ጥሬ መብላት ኃጢአት አይደለም፣ ግን ጎመንና ካሮት ሆድ ይሞላል እንጂ ገላ አይሞላም፤ ሆድሽ ጠገብኩ ሲልሽ ገላሽ ገና ርቦት ሊሆን ይችላል አላት። ኦቾሎኒ፣ አቮካዶ፣ ሱፍ፣ ሙዝ በብዛት ብዪ፣ ጥሬው ውስጥ የማይገኘውን ቫይታሚን በኪኒን ውሰጂ፣ በየሳምንቱ ተመዘኚ አላት። ኪኒኑን እወስዳለሁ፣ ሚዛን ላይ ግን አልወጣም አለች። ለመናት፣ እንቢ አለች። መጨረሻ ላይ እሱም ሰው ነውና እንዲህ አለ፦ በቃ አንድ ልብስ ምረጪ። አሁን ልክሽ የሆነ፣ የማይለጠጥ። በሳምንት አንድ ቀን ልበሺው። ወገብሽ ላይ ሁለት ጣት ካስገባ ወርደሻል ማለት ነው፤ ምግብሽን ጨምሪና ቶሎ ወደ እኔ ነይ። ልክሽ ከሆነ ግን ደህና ነሽ።

ሰማያዊውን ጉርድ መረጠች። ሰኞ ሰኞ ትለብሰዋለች፤ በሌላው ቀን የምትለብሰው ሰፊ፣ ወገቡ ላስቲክ የሆነ ነው። ለማንም አልተናገረችም። ለእናቷ ብትናገር ነገሩ በደንበኛ ፊት እንደሚወራ ታውቃለች፤ ለእኔ ብትናገር ደግሞ እንደምቀልድባት።

መውረድ የጀመረችው ፈልጋ አይደለም። ይሄን ማንም እንዲሳሳት አልፈልግም። ድቡሼ መክሳት አልፈለገችም፤ መቆም ነው የፈለገችው። ግን ጥሬ ነገር ማኘክ ጊዜ ይፈጃል፤ እሷ ደግሞ ጊዜ የላትም። የምሳ ሰዓቷ አጭር ነው፣ ማዳመጫው ራሷ ላይ እያለ ማኘክ ክልክል ነው፣ ደንበኛ ጆሮ ውስጥ ካሮት አይሰበርም። ስለዚህ የክዳን ዕቃው ግማሹ ሳይነካ ይመለሳል። ማታ ደክሟት ትገባለች፣ መንጋጋዋን ያማታል፣ ኦቾሎኒው ጥርሷን ያማታል፣ ቀለል ያለውን ቲማቲምና ፓፓያ በልታ ትተኛለች። ካሮቱ በበኩሉ ቅባት ያለው ነገር መንጻትን ያዘገያል ይላታል። እንዲህ እንዲህ እያለ የምትበላው ሳይታወቅ ቀነሰ።

እናቷ ናቸው መጀመሪያ ያዩት። ሰኞ ጠዋት ከበር ስትወጣ ጉርዱ ወገቧ ላይ ዞሮ ኪሱ መሀል ሆዷ ላይ መጥቶ ነበር። ሌላ እናት ብትሆን ልጄ ከስታለች ትላለች። የኔ አማት ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ያዩት የተንዘላዘለ ጉርድ ነው፣ ያውም ራሳቸው የሰፉት። ቅዳሜ ታጥቦ ወደ መተኮሻ ጠረጴዛዬ ሲመጣ ከእጄ ወሰዱትና ጎንና ጎኑን አጠበቡት። ትርፉን ጨርቅ አልቆረጡም፣ ወደ ውስጥ አጥፈው ተዉት። አንድ ቀን ሥጋዋ ቢመለስ እንለቅላታለን አሉኝ። ጥሩ ሰፊ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

"ለምን አይነግሯትም?" አልኳቸው።

"ምን ብዬ? ስለ ገላዋ አፌን አልከፍትም ብዬ ምያለሁ። ልጅ ሳለች ያደረግኳት ይበቃል። ዝም ብዬ አስተካክላለሁ፣ እሷም ደስ ብሏት ትለብሳለች።"

እኔ ምን ልበል? ዕድሜ ልካቸውን ዝም ይበሉ እያልኩ ስጸልይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዝም ማለት ጀመሩ ብዬ ደስ አለኝ። ካውያዬን አነሳሁና ተኮስኩ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ልማድ ሆነ። ጉርዱ ታጥቦ ይመጣል፣ አማቴ ብርሃን ላይ ይዘው ያዩታል፣ እሷ እሑድ ጠዋት ስትወጣ ከኋላዋ በዐይናቸው ይለኩና መኪናው ላይ ይቀመጣሉ። አንዳንዴ ምንም አይነኩትም። አንዳንዴ ትንሽ ያጠብቡታል። ሰኞ ድቡሼ ትለብሰዋለች፣ ወገቧ ላይ ጣቷን ታስገባለች፣ ጣቷ አይገባም። ደህና ነኝ ትላለች ለራሷ። ወደ ሐኪሙ የምትመለስበትን ቀጠሮ አሳለፈችው። ምን አስኬዳት? ጉርዱ ልኳ ነበር።

እኔ ደግሞ ሌላ ሌላውን አያለሁ። ማበጠሪያዋ ላይ የሚቀረው ጸጉር በዛ። ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ይበርደኛል ትላለች። እጇን ስይዘው የቀዘቀዘ ብረት ነው። አንድ ቀን ልብስ ስንሰቅል የወር አበባዋ ከቆመ መሰንበቱን እንደ ቀልድ ነገረችኝ፤ ካሮቱ ደሙ ሲጠራ እንዲህ ነው ብሏታል። ካሮቱ ማህፀን አለው ወይ ብዬ ጮህኩባት። ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣችኝ። "ክብደቴን በየሳምንቱ አያለሁ፣ ከሐኪም ጋር ነው የምሠራው፣ ምንም አልቀነስኩም" አለች። ትመዘናለች ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። የሐኪም ነገር ሲነሳ እኔ ማን ነኝና?

ለአማቴ ግን ነገርኳቸው። የጉርዱ ኪሶች ጎን ስፌቱን ሊነኩ ነው፣ ውስጡ የታጠፈው ጨርቅ ወፍሮ ካውያ አልሄድ ብሎታል፣ ይቺ ልጅ እያለቀች ነው አልኳቸው። አማቴ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ ሌሎች ልጆች እንኳን እየቀጠኑ አምሮባቸው የለ ወይ፣ አንቺ ምላሰኛ፣ ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ሸንቃጣ ሆነች ብላ አላደነቀቻትም ወይ አሉኝ። አድንቃት ነበር፣ ውሸት አይደለም። የተለካ ልብስ የለበሰ ሰው ያምራል። ልብሱ ልክ ሲሆን ሰው ውስጡ ያለውን አጥንት አያይም፤ ይህን ያወቅኩት ይሄ ሥራ ላይ ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ነገሩን ለባሌ በስልክ ነገርኩት፤ ስመጣ አናግራታለሁ አለ። ጭነት ነበረበት።

የወደቀችው ሰኞ ቀን ሥራ ላይ ነው። አንዱ ደንበኛ ይጮህባት ነበር አሉ፤ ይቅርታ ጌታዬ አለችና ዝም አለች። አጠገቧ ያለችው ልጅ ቀና ስትል ድቡሼ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታለች፣ ከማዳመጫው ውስጥ ሰውዬው አሁንም "ሄሎ፣ ሄሎ፣ ስልኩን ዘጋሽብኝ?" ይላል። ያ ሰው በኋላ አቤቱታ አስገባባት። እኔ ስሙን ባውቀው ኖሮ ቤቱ ድረስ ሄጄ አንገቱን አንቅ ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ ልብሷን አውልቀው የሆስፒታሉን ነጭ ቀሚስ አልብሰዋት ነበር። አማቴ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። ልጃቸውን ያለ ልብሷ፣ ያለ ልክ ሲያዩ ለመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው። ነጩ ቀሚስ ለማንም የሚሆን ተብሎ የተሰፋ ነው፤ እሷ ውስጡ ጠፍታለች። የደረቷ አጥንት፣ የክንዷ አጥንት፣ አንገቷ ሥር ያሉት ጉድጓዶች ሁሉ ወጥተዋል። አንጀቴን በላችው። እኔ ለልቅሶ የማልቸኩል ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ግድግዳ ይዤ አለቀስኩ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ራሷን ሳታውቅ ሳለች መዝነናታል አለችን፤ ክብደቷ የልጅ ክብደት ነው። ገላዋ ሥጋዋን በልቶ ጨርሶ ወደ ልቧ ጡንቻ ደርሷል አለች። አሁን ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ መመገብ አለባት፤ ቶሎ ከበላችም ልቧ ሊቆም ይችላል፣ ካልበላችም ይቆማል። ሞቅ ያለ ቀጭን ሾርባ በማንኪያ፣ ወተት በማንኪያ። የምግብ ቱቦ በአፍንጫዋ ልናስገባ እንችላለን፣ ግን አዋቂ ናት፣ እሺ ካላለች አናስገድዳትም አለች።

እሺ አላለችም። ዐይኗን እንደገለጠች ያቀረቡላትን ማንኪያ በእጇ መለሰችው። ተቆጥታም አይደለም፣ በዚያ በስልክ ድምፅዋ ነው የተናገረችው። ተሳስታችኋል፣ ሚዛናችሁ ተበላሽቶ ይሆናል፣ የደከመኝ ሥራ በዝቶብኝ ነው አለች። ሐኪሟ ገላሽን አታዪውም ወይ ብትላት ከዚያ ሽማግሌ ሐኪም ጋር የተስማሙትን ነገረቻት። አንድ በአንድ። ልብስ ምረጪ ያላትን፣ ሁለት ጣቱን፣ ሰኞ ሰኞውን። "ዛሬ ጠዋት እንኳን ለብሼው ነበር። ልክ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድም ቀን አልሰፋብኝም። በሐኪም ትእዛዝ ነው የምሄደው" አለች።

አማቴ የአልጋውን እግር ይዘው ቆመው ነበር። ዞር ብዬ አየኋቸው፣ እሳቸውም አዩኝ። ከእኛ ከሁለታችን በቀር እዚያ ክፍል ውስጥ ነገሩ የገባው ሰው አልነበረም። አማቴ ወጡ።

ኮሪደሩ ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ያዩታል።

"ይንገሯት፣ እማማ" አልኳቸው።

"አንቺ ንገሪልኝ።"

"እኔን አታምነኝም። እኔ የምቀልድባት ሰው ነኝ።"

"እኔ ገደልኩሽ ልበላት?"

"ካልነገሯት ነው የሚገድሏት። ያን ጉርድ እያመነች አንድ ማንኪያ አትውጥም።"

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ነርስ አለፈች፣ የታማሚ አልጋ እየተገፋ አለፈ። ከዚያ አማቴ ተነሡና ነርሷን ተከትለው ሄደው ምላጭ ለመኗት። ምን ሊያደርጉበት ነው ብላ ፈርታ እኔን አየችኝ። ስጫቸው አልኳት።

ጉርዱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከአልጋው ሥር ተቀምጦ ነበር። አማቴ አወጡት፣ ገልብጠው ውስጡን ወደ ውጭ አደረጉት፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ልጅቷ ምን እያደረግሽ ነው አለች። መተርተር ጀመሩ። መጀመሪያ የላዩን ስፌት፣ ከዚያ ከሥሩ ያለውን፣ ከዚያ ከዚያ ሥር ያለውን። የታጠፈው ጨርቅ እየተፈታ ወጣ፤ ውስጥ ሆኖ ፀሐይና ሳሙና ስላልነካው ቀለሙ የደመቀ ነበር። ክሩ አልጋ ልብሱ ላይ ተበተነ። እኔ ብዛቱን የማውቅ መስሎኝ ነበር፤ አላውቀውም ኖሯል። እኔ ባላየሁበት ቀንም አጥብበውታል። መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው ስፌት፣ ሲያንጎራጉሩ የሰፉት ብቻ ቀረ። ጉርዱን አንሥተው ልጃቸው ገላ ላይ አነጠፉት። ከጎንና ጎኗ ተርፎ አልጋው ላይ ወደቀ።

ድቡሼ ለረጅም ጊዜ ጨርቁን አየችው። የመርፌ ቀዳዳዎቹ መስመር መስመር ሆነው ይታያሉ። በጣቷ አንዱን ተከትላ ሄደች፣ ወደ ቀጣዩ አለፈች።

"በየጊዜው ነው?" አለች።

"ተንዘላዝሎብሽ ሰው እንዳያይብሽ ብዬ" አሉ አማቴ። "አፌን ስለማትወጂው። ዝም ብዬ ላሳምርሽ ብዬ።"

"እኔ እኮ እማዬ" አለች ድቡሼ፣ "አፍሽን አላመንኩትም፤ እጅሽን ግን አምኜው ነበር።"

አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻል ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ሾርባውን ስጪኝ አለችኝ። አማቴ ሣህኑ ቅርብ ስለነበራቸው አንሥተው ማንኪያውን ወደ አፏ ሲያስጠጉ ከንፈሯን ገጠመች። በጥላቻ አይመስለኝም። አፏ ራሱ ነው እንቢ ያለው። ሣህኑን ከእጃቸው ወሰድኩ። እማዬ ውጪ ሆና ትጠብቀኝ አለች፣ እስክበላ። አማቴ ተነሡ፣ ክሩን ከአልጋው ላይ አንድ በአንድ ለቅመው በመዳፋቸው ያዙና ወጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኑሯችን ይሄው ሆነ። እኔ አጎርሳታለሁ፣ አማቴ ከበሩ ውጪ አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ። በሩ ገርበብ ይላል። "ዋጠች?" ይሉኛል በቀስታ። "ዋጠች" እላለሁ። ሌላ ማንኪያ። "ዋጠች?" "ዋጠች።" ምግብ በቀረበ ቁጥር እንዲሁ ነው። መብላቱን እንደ ሥራ ያዘችው፤ ያቺው ቆራጧ ልጅ ናት። አታጉረመርምም፣ ትውጣለች፣ ታርፋለች፣ እንደገና አፏን ትከፍታለች። ሾርባው ይጥማል ወይ አልኳት አንድ ቀን። ለካስ ሞቅ ያለ ነገር ናፍቆኝ ነበር አለችኝ። ባሌ ጭነቱን መንገድ ላይ ለሌላ አስረክቦ መጣና አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብሎ እግሯን ሲያሽላት ዋለ። ትንሽ ቀለም ፊቷ ላይ የተመለሰ መሰለን። ሐኪሟ ግን ቀለሙን አላየችም፤ የምታየው መሣሪያዋን ነው። ልቧ የዘገየ ነው፣ ብዙ ተስፋ አታድርጉ ብላ ለእኔና ለባሌ ነገረችን። ለእናትህ ንገር ብለው ባሌ አልቻለም።

እናትሽን ላስገባት ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር። ቆይ ትንሽ አለችኝ። ሌላ ቀንም ጠየቅኳት፤ ቆይ አለችኝ። መቆየት የሚችል ሰው መልስ ነበር። እኔም አላጣደፍኳትም።

ያን ጠዋት ወተቱን አሙቄ ገባሁ። ዐይኗ ተገልጦ ነበር፣ አየችኝ፣ ከንፈሯን ከፈተች። ማንኪያውን አስገባሁላት። ወተቱ አፏ ውስጥ ቆየ። ጉሮሮዋን ጠበቅኩ፤ አልተንቀሳቀሰም። በከንፈሯ ጥግ ወጥቶ ወደ አንገቷ ወረደ። በመሀረብ ጠረግኩላትና ሌላ ሞከርኩ፣ ያም ወጣ። ትንፋሿ አጠረ። ባሌ ሐኪሟን ሊጠራ ሮጠ።

"ዋጠች?" አሉ አማቴ ከበሩ ውጪ።

መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አንዲት ቃል ናት፣ ታስደስታቸዋለች፣ እሷም አትሰማንም። እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ የተማርኩት ይሄንኑ ነው፤ የሰፋውን አጥብቦ ሰው ፊት ማቆም። ሣህኑን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ።

"አልዋጠችም፣ እማማ" አልኩ። "ይግቡ።"

በሩን እኔ ነኝ የከፈትኩላቸው። ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ገቡና፣ ልጃቸው አጠገብ፣ አልጋው ላይ ወጥተው ተኙ።